ልጁ የማይሰማው ለምን ይሆን?

በየቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። እናት ምጣድ ላይ ሆና «በሬውን መልስ!» ብላ ትጣራለች። የአምስት ዓመቱ ልጅ ይነሣል፤ በሩን መልሶ ተመልሶ ይቀመጣል። በሬው ደጅ ቡቃያውን ይግጣል። አባት ከሜዳ ሲገባ ይህን ያያል። «ይህ ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አበዛ» ይልና አርጩሜ ይቆርጣል። ልጁ ያለቅሳል። ለምን እንደተመታ አያውቅም። እሱ እንደታዘዘው በሩን መልሷል።

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ እንቢተኛ ላይሆን ይችላል። ሞኝም ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው ጆሮው ውስጥ ነው። ከጆሮው ታምቡር ኋላ ውሃ ተቋጥሮበታል። ይህ በሽታ እንደ ሌላው የጆሮ በሽታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። መግል አያወጣም። ትኩሳት የለውም። ከውጭ ቢያዩት ጆሮው ደህና ነው። ታዲያ ወላጅ በምን ይጠርጥር?

የልጆች በሽታ ሆኖ ግን በጣም የተለመደ ነው። የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ከ10 ልጆች እስከ 8 የሚሆኑት 10 ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል ይላሉ። ይበልጥ የሚበረታው ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ እስከ 5 ዓመት ነው። ይህ ደግሞ ልጅ አፉን የሚፈታበትና ነገር የሚለይበት ጊዜ ነው። ጉዳቱም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጆሮ የሚሰማው እንዴት ነው?

የጆሮን ቀዳዳ ተከትለን ወደ ውስጥ ብንገባ መጨረሻው ላይ ስስ ቆዳ ተወጥሮ እናገኛለን። ይህ ቆዳ ታምቡር ይባላል። ስሙ ተስማምቶታል፤ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነውና። ድምፅ ሲመጣ ታምቡሩን ይመታዋል፤ ታምቡሩም ይርገበገባል።

ከታምቡሩ ኋላ ትንሽ ክፍል አለች። ስፋቷ ከአንድ የባቄላ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። መካከለኛው ጆሮ የሚሏት ይህችን ነው። በውስጧ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ። ከሦስቱ የመጨረሻዋ እርካብ ትባላለች፤ በቅሎ ስንቀመጥ የምንረግጠውን እርካብ ትመስላለችና። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሰው ገላ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት። ታምቡሩ ሲርገበገብ እነዚህ አጥንቶች ርግብግቡን ተቀባብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። ከዚያ በነርቭ አድርጎ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰማን የምንለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ እንዲሠራ ግን በዚያች ክፍል ውስጥ አየር መኖር አለበት። ነገሩን በከበሮ እናስበው። ከበሮ ሲመታ የሚያስተጋባው ሆዱ አየር ስለያዘ ነው። ሆዱን ውሃ ሞልተን ብንመታው ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠን። የልጁም ጆሮ እንደዚሁ ነው። ታምቡሩ አልተቀደደም፤ አጥንቶቹም አልተሰበሩም። ክፍሏ በአየር ፈንታ ውሃ ስለያዘች ብቻ ድምፁ ታፍኖ ይቀራል።

ታዲያ አየሩ በየት ይገባል? ከመካከለኛው ጆሮ ተነሥታ ከአፍንጫ ኋላ፣ ከጉሮሮ በላይ የምትከፈት አንዲት ቀጭን ቧንቧ አለች። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ በመኪና የወረደ ሰው ይህችን ቧንቧ ባያያትም ያውቃታል። መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እየወረድን ስንሄድ ጆሯችን ድፍን ይላል፤ ጎናችን የተቀመጠው ሰው ሲያወራ ከሩቅ ያለ ይመስለናል። ምራቃችንን ስንውጥ ወይም ስናዛጋ «ጧ» ይላል፤ ጆሯችንም ይከፈታል። «ጧ» ያለችው ቧንቧዋ ናት። ተከፍታ አየር አስገባች። በየቀኑ ምራቅ በዋጥን ቁጥር እንዲሁ ትከፈታለች፤ እኛ ግን ልብ አንላትም።

በትንሽ ልጅ ላይ ይህች ቧንቧ ችግር አለባት። አጭር ናት፤ በሕፃን ላይ ርዝመቷ የአዋቂውን ግማሽ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ተዳፋት የላትም። የአዋቂ ሰው ቧንቧ ወደ ጉሮሮ ቁልቁል ታዘቀዝቃለች። የሕፃኑ ግን ጋደም ያለች ናት። መስኖ ያወጣ ገበሬ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ተዳፋት የሌለው ቦይ ውሃ ይተኛበታል፤ ደለልም ይይዘዋል። ልጁ እያደገ ሲሄድ ቧንቧዋም ትረዝማለች፤ ታዘቀዝቃለች። 7 ወይም 8 ዓመት ሲሆነው የአዋቂን ወደመምሰል ትደርሳለች። በሽታው በትልልቅ ልጆች ላይ እየቀነሰ የሚሄደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጁ ጉንፋን ያዘው እንበል። አፍንጫው ተደፈነ፤ ጉሮሮው አበጠ። ከጉሮሮው ጋር የቧንቧዋም አፍ አብጦ ተዘጋ። በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ የነበረው አየር ቀስ በቀስ በክፍሏ ግድግዳ እየተመጠጠ ያልቃል። አዲስ አየር አይገባም። በዚያን ጊዜ ከግድግዳው ውሃ መሰል ፈሳሽ ይመነጭና ክፍሏን ይሞላል። መጀመሪያ ቀጭን ነው። ሲሰነብት ግን ይወፍራል። እንደተዘፈዘፈ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ሲብስም እንደ ሙጫ ይሆናል። ፈረንጆቹ «የሙጫ ጆሮ» ብለው የሚጠሩትም ይህን አይተው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ብዙ ሰው «ወንዝ ሲታጠብ ውሃ ገብቶበት ነው» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ታምቡሩ ደህና እስከሆነ ድረስ ከውጭ የገባ ውሃ እሱን አልፎ አይሄድም። ፈሳሹ የመጣው ከውስጥ ነው። ስለዚህ ልጁን አዘቅዝቆ ማራገፍም ሆነ በአንድ እግሩ ማስዘለል ምንም አይፈይድም።

በምን ይታወቃል?

ልጁ ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም። ፊት ለፊት ሲያነጋግሩት ይመልሳል። ሲያነጋግሩት ዓይኑን ከተናጋሪው አፍ ላይ አይነቅልም። «ምን?» «እ?» ማለት ያበዛል። ሲናገር ድምፁ ከፍ ይላል፤ ወይም ቃላቱ አይጠሩም። ራዲዮ ሲከፈት ተጠግቶ ጆሮውን ይደቅናል። ብዙ ሰው ባለበት ቤት፣ ለምሳሌ በማኅበር ወይም በሠርግ ላይ፣ ግራ ይገባዋል፤ ወደ ጥግ ይሸሻል። አንዳንዱ ይነጫነጫል። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱም «ጨዋ ልጅ ነው» ተብሎ ይመሰገንበታል። አንዳንዱ ደግሞ ሲሄድ ይደናቀፋል፤ ሚዛን የምንጠብቀው በጆሮ ስለሆነ ነው።

ልጁ ፈጽሞ አይሰማም ማለት አይደለም። ሁለት ጣታችንን በሁለት ጆሯችን ወትፈን ሰው ሲያወራ ብናዳምጥ የልጁን አሰማም በግምት እናገኘዋለን። ድምፁ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ጩኸት ይሰማል፤ የለሰለሰ ንግግር ያመልጠዋል። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ደካማ ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው «በሬውን» እና «በሩን» የሚምታታበት።

ወላጅን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። ይህ በሽታ አንድ ቀን ይብሳል፣ አንድ ቀን ይሻላል። ጉንፋን በሚበዛበት በክረምት ይጠነክራል፤ በበጋ ይቀላል። ልጁ ትናንት ሰምቶ ዛሬ አልሰማም ሲል፣ «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» እንላለን። ይህች አነጋገር ብዙ ልጅ አስመትታለች። ልጁ ትናንት የሰማው ጆሮው ትናንት ስለተሻለው ነው።

በቋንቋችንም የማይሰማውን «ደንቆሮ» እንለዋለን። የማያውቀውንም «ደንቆሮ» እንለዋለን። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልለን መጥራታችን ደግ አላደረግንም። ያልሰማ ልጅ ያልገባው ይመስለናል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ መምህሩ የሚለውን አይለይም፤ ፊደሉንም ያቀላቅለዋል። «ትምህርት አልሆነው አለ» ይባልና ከብት ጥበቃ ይላካል። ልጁ የጎደለው ድምፅ እንጂ አእምሮ አልነበረም።

የተጠራጠረ ወላጅ በቤቱ ይህን ሊሞክር ይችላል። ጸጥታ ያለበት ጊዜ ይመረጥ። ልጁ እየተጫወተ ሳለ አፋችንን እንዳያይ ከኋላው አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብለን እንቁም። ሌላ ሰው የልጁን አንድ ጆሮ በጣቱ በቀስታ ይድፈንለት። እኛም በሹክሹክታ ልጁ የሚያውቀውን ቃል እንናገር፤ «ዳቦ»፣ «ድመት»፣ «ማር»። ያልነውን ደግሞ እንዲናገር እንጠይቀው። ከዚያ በሌላው ጆሮ እንድገመው። እኩያውን የጎረቤት ልጅም አብረን ብንፈትን ልዩነቱ ይታየናል። አንድ ቀን ብቻ ሞክሮ መፍረድ አይገባም፤ በሌላ ሳምንትም ይደገም። ይህ ሙከራ የበሽታውን ዓይነት አይነግረንም። ልጁን ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ይገባን እንደሆነ ግን ይጠቁመናል።

ስለ ሕፃናትም አንድ ቃል እንጨምር። ሕፃን 7 ወር ገደማ ሲሆነው የእናቱን ድምፅ ሰምቶ መዞር አለበት። ካልዞረ ወይም 2 ዓመት ሞልቶት አንድም ቃል ካልወጣው መጠበቅ የለበትም። ከሙጫ ጆሮ የከፋ ነገር ሊኖር ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት።

ጆሮ ውስጥ ምንም አይጨመር

በየአገሩ ለጆሮ የማይጨመር ነገር የለም። አንዱ የቀለጠ ቅቤ ያንጠባጥባል። ሌላው የጤና አዳም ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ዘይት ያደርጋል። የእናት ጡት ወተት የሚያልቡበትም አለ። ለሙጫ ጆሮ ከእነዚህ አንዱም አይረዳም። ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ፈሳሹ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ ነው፤ እኛ የምንጨምረው ከታምቡሩ ወዲህ ይቀራል። በተዘጋ በር ላይ ውሃ እንደ መድፋት ነው። ጉዳት ግን አለው። ያደረግነው ነገር ቆሽሾ ቀዳዳውን ያቆስለዋል። ታምቡሩ ቀድሞ ተበስቶ ከነበረም ወደ ውስጥ ዘልቆ ያመገልጋል። በክብሪት እንጨት፣ በላባ ወይም በመርፌ ቁልፍ መኮርኮርማ ታምቡሩን ሊቀደው ይችላል።

እንጥል ማስቆረጥንም ማንሳት አለብን። «ጉሮሮው ነው፣ እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ልጅ ምላጭ ላይ ይቀርባል። እንጥል ከጆሮ ቧንቧ መዘጋት ጋር ግንኙነት የለውም። ምላጩ ግን ደም ያፈሳል፤ መንጋጋ ቆልፍና ኤች አይ ቪን የመሰለ በሽታም ሊያስተላልፍ ይችላል። በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለንም፤ መቅረት አለበት።

ከፋርማሲ ወይም ከገበያ የሚገዛ እንክብልስ? ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች የሚሠሩት በተሕዋስያን ላይ ነው። በሙጫ ጆሮ ውስጥ የተቋጠረውን ፈሳሽ አያደርቁትም። የጉንፋን ክኒንም፣ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታም በብዙ አገር ተፈትኖ ለዚህ በሽታ ጥቅም አልተገኘበትም። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገንዘብ አውጥቶ መግዛት ኪስንም ልጅንም መጉዳት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው መድኃኒት ጊዜ ነው። ይህን ስንል ሰው «ሐኪም ቤት ሄጄ ባዶ እጄን ልመለስ?» ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ይህ ነው። ከግማሽ የማያንሱት ልጆች በ3 ወር ጊዜ ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይሻላቸዋል። ጉንፋኑ ያልፋል፤ ቧንቧዋ ትከፈታለች፤ ፈሳሹ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ያልቃል። ሐኪሞችም ልጁን አይተው የሙጫ ጆሮ መሆኑን ካወቁ በኋላ 3 ወር ጠብቀው እንደገና ያዩታል። ከመስቀል እስከ ገና ያህል ነው። ይህ ችላ ማለት አይደለም፤ ልጁን እየተከታተሉ መጠበቅ ነው።

በእነዚህ ወራት ቤተሰቡ ብዙ ሥራ አለው። ልጁን ከሩቅ መጣራት ይቅር። ቀርበን፣ ትከሻውን ነካ አድርገን፣ ፊታችንን በብርሃን በኩል አድርገን እናነጋግረው። ቃላችን አጭር ይሁን፤ ጥርት ይበል። መጮህ አያስፈልግም፤ ጩኸት ቃሉን ያጣምመዋል። ካልገባው ደግመን እንንገረው፤ በሁለተኛውም ካልገባው በሌላ ቃል እንሞክር። ራዲዮው እየጮኸ ልጅን ማነጋገር ልፋት ብቻ ነው። ማታ እሳት ዳር ተረት ሲወራ ልጁ ከተራኪው ፊት ለፊት ይቀመጥ። የሰማውን ተረት ራሱ መልሶ እንዲያወራ እናድርገው፤ አፉን የሚፈታው እንዲህ ነው። ውሃ ሊቀዳ ወይም ከብት ሊያግድ በመኪና መንገድ ወይም አውሬ ባለበት በኩል ብቻውን አይላክ፤ ከኋላው የሚመጣውን አይሰማምና።

ልጁ ሲናፈጥ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ይዞ በሌላው በቀስታ ይናፈጥ። ሁለቱን ጨምቆ በኃይል መናፈጥ ንፍጡን ወደ ጆሮ ቧንቧ ይገፋዋል።

በውጭ አገር ሌላም ዘዴ አለ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አፍንጫ ላይ የሚገጠም ፊኛ ነው። ልጁ በአፍንጫው ሲነፋው አየሩ ቧንቧዋን ይከፍታታል። እንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 11 ዓመት በሆኑ 320 ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ፊኛውን በቀን 3 ጊዜ ከነፉት ልጆች በ3 ወር ውስጥ ከ100 ወደ 50 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጆሯቸው ጸድቷል። ካልነፉት ከ100 የጸዳላቸው 38 ያህል ናቸው። ጥቅሙ መካከለኛ ነው፤ ግን ጉዳት የለውም። ተራ የመጫወቻ ፊኛ ግን በአፍንጫ አይነፋ። ትንሽ ልጅ ፊኛ ቢውጥ ይታነቃል።

3 ወር አልፎ ልጁ አሁንም የማይሰማ ከሆነ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ይህ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነው። መንገዱ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ በኩል በሪፈር ወረቀት ነው። ሐኪሙ መብራት ባለው መሣሪያ ታምቡሩን ያያል። አየር እፍ የሚል መሣሪያ ካለም ታምቡሩ መርገብገቡን ይለካል። አያምም።

ፈሳሹ አልለቅም ካለና ልጁ በሁለቱም ጆሮው ካልሰማ ሐኪሙ ሁለት ነገር ሊያማክር ይችላል። አንዱ ጆሮው እስኪሻለው የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ ነው። ሌላው ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው። ልጁ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ሲተኛ ታምቡሩ በጥቂቱ ይበጣል፤ ሙጫው ተመጦ ይወጣል። ከዚያ በጣም ትንሽ ቱቦ ይሰካበታል። ይህን የፕላስቲክ ቱቦ ሥራ ላይ ያዋለው ቤቨርሊ አርምስትሮንግ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1954 ነበር። ቱቦዋ የታመመችውን ቧንቧ ሥራ ትሠራለች፤ አየር ታስገባለች። ብዙ ልጆች ወዲያው መስማት ይጀምራሉ። ቱቦዋ ከ6 እስከ 12 ወር ቆይታ ራሷ ትወድቃለች፤ ታምቡሩም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል። በአንዳንዱ ልጅ ፈሳሹ ተመልሶ ይመጣና ሥራው ይደገማል። ከአፍንጫ ኋላ ያለው እጢ አብጦ የቧንቧዋን አፍ የዘጋ ከሆነ ሐኪሙ እሱንም ያወጣዋል። ይህ ከእንጥል ጋር አይምታታ። እንዲህ ያለ ሕክምና በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል። ለገበሬ መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ብዙው ልጅ ግን እዚያ መድረስ ሳያስፈልገው የሚድን ነው።

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ለብቻው ይታያል። የቧንቧዋ ጡንቻ በደንብ ስለማይሠራለት ሙጫ ጆሮ ሳይዘው አይቀርም። እሱ 3 ወር መጠበቅ የለበትም።

መግል የሚወጣው ጆሮስ?

ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ከሙጫ ጆሮ ቀጥሎ ግን ሊመጣ ይችላል። የተቋጠረው ፈሳሽ ውስጥ ተሕዋስያን ሲገቡ ጆሮው ይመግላል። ልጁ ይተኩሰዋል፤ ሌሊት እያለቀሰ ጆሮውን ይይዛል። ታምቡሩ ተበስቶ መግል ይፈሳል። እዚህ ላይ መጠበቅ የለም። ልጁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የታዘዘለት መድኃኒት ስለተሻለው አይቋረጥ፤ እስከ መጨረሻው ይሰጠው።

መግሉን ለማድረቅ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሹል አድርጎ ይጠቀለላል። ጆሮው ውስጥ በቀስታ ይገባል፤ ሲርስ ይወጣል። በሌላ ንጹሕ ይተካል። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል። ይህ በቀን 3 ጊዜ ነው። እንጨት ላይ አይጠቅለል፤ ጆሮው ውስጥም ተወትፎ አይተው። በወንዝም ሆነ በጸበል ሲታጠብ ውሃ አይግባበት። መግሉ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ሕክምናው ይለያል፤ የጆሮ ጠብታ ስለሚያስፈልግ ለጤና ባለሙያው ቀኑን ቆጥሮ መንገር ይጠቅማል። ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ካበጠ፣ አንገቱ ከገተረ፣ ፊቱ በአንድ ወገን ከተጣመመ ወይም ልጁ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። መግሉ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላልና።

ጆሮን አስቀድሞ ለመጠበቅ የሚቻለው ጉንፋንንና የጉሮሮ በሽታን በመቀነስ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ፤ በጡት ወተት ውስጥ በሽታ የሚከላከል ነገር አለና። ጡጦ የሚጠባ ካለም ተጋድሞ አይጥባ፤ ወተቱ በዚያች አጭር ቧንቧ ወደ ጆሮ ሊሄድ ይችላል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የሳንባ ምች ክትባት የጆሮ መመገልን ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱን ይከላከላል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የኩፍኝም ክትባት እንዲሁ ጆሮን ይጠብቃል፤ ኩፍኝ ካለፈ በኋላ ስንት ልጅ ጆሮው መግሎ እንደቀረ ሁላችንም አይተናል።

ጭስም አለ። የትምባሆ ጭስ ባለበት ቤት የሚያድግ ልጅ ጆሮው ቶሎ እንደሚታመም በጥናት ታውቋል። የማገዶም ጭስ አፍንጫና ጉሮሮን ያስቆጣል። እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑን አዝላ ጭስ ውስጥ ከምትቆም ታላቅ እህቱ ወይም አባቱ ደጅ ይያዙት። አባት ይህን ለመሥራት የሚያፍርበት ምክንያት አይታየንም።

ልጁ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ወላጅ አብሮ ሄዶ ለመምህሩ ይንገር። «የኔታ፣ ይህ ልጅ ጆሮው ደከም ይላል፤ ግራው ይሻለዋል» ቢል በቂ ነው። መምህሩም ልጁን ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ደህናው ጆሮ ወደ እሱ እንዲሆን አድርጎ ያስቀምጠዋል። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር ልጁ እንደማይሰማው ያውቃል። ጉንፋን በበዛበት ሰሞን ልጁ ቢደክም መምህሩ ለቤተሰቡ ይልካል፤ ቤተሰቡም ልጁን መልሶ ወደ ጤና ኬላ ይወስደዋል።